ዋስ አስጠርታችሁ ዋሱን አልሰማችሁም

ፍራንክፈርት፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ፦ ለአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት፣ እንዲሁም በአዲስ አበባ የሼንገን ቪዛ ጥያቄ ለምትመለከቱ ክፍሎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ወዳጆቻችንን ለጉብኝት ስንጋብዝ ስለሚገጥመን በደል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

የምንጽፍላችሁ በፍራንክፈርትና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ነን። ነርሶች፣ የአውቶቡስ ሾፌሮች፣ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪዎች፣ የአየር ማረፊያ ሠራተኞች አለንበት። የሚያገናኘን አንድ ነገር ነው። ሁላችንም ከአገር ቤት ወዳጅ ጋብዘናል። ሁላችንም በፊርማችን ዋስ ሆነናል። ከዚያ ወይ "አይቻልም" ተብለናል፣ ወይ ቀኑ ካለፈ በኋላ "ይቻላል" ተብለናል።

የምንጽፈው ስለ ስደት አይደለም። ስለ ሥራ ፍለጋም አይደለም። ሦስት ሳምንት መጥቶ፣ ቡና አብሮን ጠጥቶ፣ ልጆቻችንን ስሞ ወደ ሥራው ስለሚመለስ ሰው ነው።

በራሴ ልጀምር።

ጓደኛዬ ደሴ የምትሠራ አዋላጅ ነርስ ናት። ኮሌጅ አንድ ዶርም ነበርን። ወደዚህ ስመጣ ሻንጣዬን ያሰረችልኝ እሷ ናት። እናቴ ታማ በተኛች ጊዜ በእኔ ፈንታ አልጋዋ አጠገብ ያደረችውም እሷ ናት። ሁለት ጊዜ ጋብዣት መጥታለች፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2018 እና በ2022። ሁለቱንም ጊዜ ፈቃዷ ሳያልቅ ተመልሳለች። የመውጫው ማኅተም ፓስፖርቷ ላይ አለ።

ባለፈው ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ ጋበዝኳት። ወደ ውጭ ዜጎች ቢሮ ሄጄ 29 ዩሮ ከፈልኩና የዋስትናውን ቃል ፈረምኩ። የደሞዝ ወረቀቴንና የቤት ኪራይ ውሌን አሳየሁ። እሷም ከሆስፒታሏ የሥራና የፈቃድ ደብዳቤ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ አሰናዳች። ከዚያ ለአሻራ ጠሯት። በኅብረቱ የቪዛ ሕግ አንዴ የተሰጠ አሻራ ለ59 ወር ያገለግላል። የ2022ቱ አሻራዋ ጊዜው አላለፈም ነበር። ይህን ብንናገርም የሰማን የለም። የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ፣ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍራ፣ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዛ አዲስ አበባ ገባች። የቪዛው ክፍያ 90 ዩሮ ነው። የወር ደሞዟ አይሸፍነውም።

መልሱ በ43ኛው ቀን መጣ። ቅጹ ላይ አንድ ሳጥን ምልክት ተደርጎበታል። የቪዛው ጊዜ ሳያበቃ ለመውጣትሽ ምክንያታዊ ጥርጣሬ አለን የሚል ነው። ከዚያ ውጭ አንድ መስመር የተጻፈ ነገር የለም።

ሁለት ጊዜ የተመለሰች ሴት ናት። ልጆቿ ደሴ ናቸው። ሥራዋ ደሴ ነው። ታዲያ ጥርጣሬው ከየት መጣ? ደውላ "ምን አጥፍቼ ነው?" አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ይባስ ብሎ የምታጽናናኝ እሷ ሆነች። "ተይው፣ ሌላ ጊዜ ይሁን" አለችኝ።

ዋስ በእኛ ዘንድ ቀላል ቃል አይደለም። ሰው ሥራ ሲቀጠር ዋስ ጥራ ይባላል። ሲታሰርም ዋስ ጥራ ይባላል። ዋስ የሆነ ሰው ስሙንም ንብረቱንም አስይዟል። ስለዚህ ይከበራል። ነገር ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው፤ ቃሉም ይሰማል። የምንኖርበት የጀርመን የመኖሪያ ሕግም በአንቀጽ 68 ዋሱ ላይ ከባድ ሸክም ይጥላል። እንግዳዬ ብትታመም፣ ማደሪያ ብታጣ፣ በመንግሥት ወጪ እንድትመለስ ብትደረግ ዕዳው የእኔ ነው። ከገባችበት ቀን ጀምሮ እስከ 5 ዓመት ሊከተለኝ ይችላል። ይህን አንብቤ፣ ገብቶኝ ፈርሜያለሁ። በዚህ አላማርርም። እንዲያውም ልክ ነው እላለሁ፤ የጋበዘ ይጠየቅ። የማይገባኝ ሌላ ነው። ይህን ሁሉ አስይዛችሁኝ ለምን አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቃችሁኝም? ስልኬ ማመልከቻው ላይ ነበር። ማንም አልደወለልኝም።

አሁን ወደ ምክር ቤቱ ውሳኔ ልለፍ።

ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በእናንተ አቆጣጠር ኤፕሪል 29 ቀን 2024፣ ምክር ቤቱ በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ ጣለ። ለእኛ የሰሙነ ሕማማት ሰኞ ነበር። ምክንያቱ የኢትዮጵያ መንግሥት በአውሮፓ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቹን ለመመለስ በበቂ ሁኔታ አልተባበረም የሚል ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የ15 ቀኑ የመልስ ጊዜ 45 ቀን ሆነ። ብዙ ጊዜ የሚያስገባው ቪዛ ቀረ። ለታወቁና ለታመኑ አመልካቾች ይደረግ የነበረው የሰነድ ማቅለያም ቀረ።

መንግሥታቱ የሚነጋገሩበት ጉዳይ አላቸው፤ ይነጋገሩበት። የደሴዋ አዋላጅ ግን ያልበላችውን ዕዳ የምትከፍለው በምን ሒሳብ ነው? ያልተመለሰውን ለማስመለስ የተመለሰችውን መከልከል ምን ያስገኛል? ከ2020 ጀምሮ የሚሠራው የቪዛ ደንብ ጥሩ መሰላል ነበረው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ቪዛ በአግባቡ የተጠቀመ ሰው የ1 ዓመት ብዙ ጊዜ መግቢያ ያገኛል። ያንን ካከበረ የ2 ዓመት፣ ቀጥሎ የ5 ዓመት። ለሚመለስ ሰው የተሠራ መሰላል ነው። ለኢትዮጵያውያን ያነሳችሁት ይህንኑ ነው። አሁን አምስቴ የተመለሰውም ሆነ ከአገሩ ወጥቶ የማያውቀው እኩል ከዜሮ ይጀምራሉ።

እንዲህ ያለ ገደብ የሚያስጥለው የቪዛ ሕጉ አንቀጽ መጀመሪያ የተሠራበት በ2021 በጋምቢያ ላይ ነበር። ኋላም የጋምቢያውያን የቪዛ ክፍያ ወደ 120 ዩሮ ከፍ ብሎ ነበር። ያ የክፍያ ጭማሪ በ2024 ተነስቷል። ስለዚህ የጣላችሁትን ማንሳት እንደምትችሉ እናውቃለን።

45 ቀን ምን እንደሚያደርግ በአንድ ሕፃን ላሳያችሁ። በተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሳሉ። ቀኑ እንደ ልደት ፓርቲ ወደሚመጣው ቅዳሜ አይገፋም። ከመካከላችን አንዱ፣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ባለቤቱ ስታረግዝ የልጁን የክርስትና አባት ገና ድሮ መርጦ ነበር። ጎንደር የሚኖር አብሮ አደጉ ነው። ልጅ ሆነው የተማማሉበት ጉዳይ ነው። የእርግዝናውን የሐኪም ወረቀት አያይዘው ቀደም ብለው ጠየቁ። የልደት ሰርተፍኬት ይቅረብ ተባሉ። ልጁ ተወለደ፤ ሰርተፍኬቱ ወጣ፤ ፋይሉ ገባ። ቆጠራው ያኔ ጀመረ። ቪዛው ተፈቅዷል የሚል መልስ ሲመጣ ሕፃኑ ሌላ ሰው አቅፎት ክርስትና ተነስቶ ነበር። ሕግ ተከብሯል ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ከ45 ቀን አላለፈም። ሰውየው ግን የሚመጣበት ነገር አልፎበት ስለነበር ሳይመጣ ቀረ። ለወላጆቹ አሁንም ቁስል ነው። ሾፌሩ ይህን ሲነግረን አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ሌላው ነገር የገንዘብ ማስረጃ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ስለሆነ።

የቪዛ ክፍሎቹ የሚፈልጉት የወራት የባንክ ስቴትመንት ነው። ገንዘብ በየወሩ ጠብ ጠብ እያለ ሲገባ ማየት ይፈልጋሉ። የአገራችን ነጋዴ ግን ገንዘቡን የሚያስቀምጠው እቁብ ላይ ነው። የአንዷ ጓደኛችን እንግዳ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የምትሸጥ ሴት ናት። በሁለት እግሯ የቆመች፣ ሠራተኞች ያሏት ነጋዴ። እቁብ ደረሳት። ብሩን ወስዳ ባንክ አስገባች። ሌላ ምን ታድርግበት? ስቴትመንቱ ላይ ግን ለወራት ትንሽ ትንሽ ሆኖ በአንድ ቀን ብዙ ብር ገባ። እንዲህ ያለ ሒሳብ ለቪዛ ተብሎ የተበደሩት ይመስላል። የእቁቡ ዳኛ ፈርሞበት፣ የአባላት ዝርዝር ያለበት ደብዳቤ አያይዛ ነበር። ተከለከለች። ምልክት የተደረገበት ሳጥን የሚኖሩበት በቂ ገንዘብ መኖሩ አልተረጋገጠም የሚለው ነው። ደብዳቤውን ማንም ያነበበው አይመስለንም። እቁብ ቁማር አይደለም፤ ከየትም የመጣ ገንዘብም አይደለም። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ አለው። ሰው እቁብ መጣሉ ራሱ ከሰፈሩ የማይነቀል ሰው መሆኑን ይናገራል። እቁብ በልቶ የሚጠፋ ሰው የአገሩ በር ይዘጋበታል፤ ዋሱንም አዋርዶ ነው የሚሄደው።

በዚያ ላይ የብሩ ነገር አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። ከዚያ በፊት 1 ዶላር ወደ 57 ብር ነበር። ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። አንድ ሰው በዓመታት ያጠራቀመው ብር በዩሮ ሲሰላ በአጭር ጊዜ በግማሽ ገደማ ወረደ። ቤቱ ያው ነው። ሥራው ያው ነው። ወረቀቱ ላይ ግን ድሃ ሆነ።

የዘመን አቆጣጠሩን ደግሞ ስንት ጊዜ እናስረዳ? ከመካከላችን የአንዱ እንግዳ የሥራ ደብዳቤ 3/3/2017 የሚል ቀን ነበረው። ኅዳር 3 ማለት ነው፤ በእናንተ ኖቬምበር 12 ቀን 2024። ደብዳቤው ማመልከቻው በገባበት ወር የተጻፈ ነው። ያየው ሰው ግን ማርች 2017 አድርጎ አነበበውና የሰባት ዓመት አሮጌ ደብዳቤ ሆነ። አንዲት ሚስትም የባሏ ስም ከእሷ ለምን እንደሚለይ ተጠይቃ ግራ ገብቷታል። እኛ ዘንድ ሚስት በአባቷ ስም ትጠራለች፤ ባልም በአባቱ። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የኢትዮጵያውያንን ፋይል የሚያይ ሰው ይህን ሊያውቅ ይገባል።

የቀጠሮውን ነገር በአጭሩ ልጥቀስ። ሕጋችሁ ቀጠሮ በመደበኛው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሰጥ ይላል። እንግዶቻችን ወራት የጠበቁበት ጊዜ አለ። ክፍት ቦታ ሲጠፋ ደላላ ይመጣል። "እኔ አስይዝልሃለሁ" ይላል፤ ዋጋም ይቆርጣል። ከእንግዶቻችን ሁለቱ ከፍለዋል። አንደኛው ብሩንም ቀጠሮውንም አጥቷል። ደላላውን የወለደው ወረፋው ነው።

አንድ ነገር አንደብቅም። ከጋበዝናቸው ሰዎች ውስጥ ሳይመለስ የቀረ አለ። ጋባዡ ከመካከላችን ነው። ፈርሞ ስለነበር ወጪውን ተጠይቆ በየወሩ እየከፈለ ነው። ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው ግን ገንዘቡ አይደለም። ከዚያ በኋላ የገዛ ወንድሙን እንኳ ለመጋበዝ አፍሯል። እንግዲህ ዋስትናው ይሠራል ማለት ነው። የቀረው ይጠየቅ፣ ዋሱም ይጠየቅ። የተመለሰው ደግሞ የተመለሰ መሆኑ ይታይለት።

ይህን ማየት አሁን ቀላል ሆኗል። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ የገባውንና የወጣውን ሰው በአሻራና በፎቶ የሚመዘግበው አዲሱ የድንበር ሥርዓት ደረጃ በደረጃ ሥራ ጀምሯል። ማን በጊዜው እንደወጣ በማኅተም መፈለግ ሊቀር ነው። እስከዛሬ "አናውቅም" ይባል ይሆናል። ከእንግዲህ ታውቃላችሁ።

የይግባኙም መንገድ ጠቧል። ቀድሞ ቪዛ ሲከለከል ለጀርመን ቆንስላዎች በጽሑፍ ተቃውሞ ማቅረብ ይቻል ነበር። አንድ ደብዳቤ፣ ያለ ክፍያ፣ በአንድ ወር ውስጥ። ከጁላይ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ይህ በመላው ዓለም ቀርቷል። የቀረው ወይ እንደገና ከፍሎ ማመልከት ነው፣ ወይ በርሊን አስተዳደራዊ ፍርድ ቤት መክሰስ ነው። የፍርድ ቤት በር ክፍት መሆኑን እናከብራለን። ግን ለሦስት ሳምንት ጥየቃ ጠበቃ የሚያቆም ማን ነው? ፍርዱስ ሲደርስ አራሷ ተነስታ፣ ሰርጉ አልፎ፣ ለቅሶው ተረስቶ አይደለም ወይ? የእቁቧ ሴት ደብዳቤ፣ የኅዳር 3 ቀኑ ስህተት፣ እነዚህ ሁሉ በአንድ ገጽ ደብዳቤ የሚታረሙ ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

የቪዛ ክፍሎችን፣ ከመከልከላችሁ በፊት ለዋሱ ደውሉ። የአምስት ደቂቃ ስልክ ነው። ከከለከላችሁም ከምልክቱ አጠገብ በሁለት ዓረፍተ ነገር ምን እንደጎደለ ጻፉ። "ጥርጣሬ አለን" ብቻ ከሆነ ሰው ምኑን አርሞ ይመለስ? አሻራቸው ጊዜው ያላለፈባቸውን ሰዎች ደግሞ ከደሴ፣ ከጎንደር፣ ከጅማ ለአሻራ ብቻ አታመላልሷቸው።

ቀን የተቆረጠላቸው ጉዳዮች አሉ። ክርስትና፣ ሰርግ፣ ተዝካር። 45 ቀን የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ የግድ የሚሞላ ቀን አይደለም። ቀኑ የተጻፈበትን ፋይል ከቀኑ በፊት እዩት።

እቁብን በሚመለከት የእቁቡን ዳኛ ደብዳቤና መዝገብ እንደ ማስረጃ ተቀበሉ። የኢትዮጵያን የቀን አቆጣጠር፣ የስም አወጣጥና የእቁብን አሠራር የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ እኛ እናዘጋጃለን። ከመካከላችን ቃለ መሐላ የፈጸሙ ተርጓሚዎች አሉ። ክፍያ አንጠይቅም። አንብቡት ብቻ።

ምክር ቤቱን ደግሞ የ2024ቱን ገደብ እንድታነሱ እንጠይቃለን። በአንድ ጊዜ ማንሳት ካልተቻለ በጊዜው በተመለሱ ሰዎች ይጀመር። አንዴ መጥቶ በጊዜው የወጣ ኢትዮጵያዊ በ15 ቀን መልስ ያግኝ፤ መሰላሉም ይመለስለት። እንግዶቹ ሁሉ የተመለሱለት ጋባዥም ታሪኩ ይቆጠርለት። የጀርመን መንግሥት የጽሑፍ ተቃውሞውን ይመልስ።

ለአገራችን ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም አንድ ቃል አለን። ገደቡ የመጣው በእናንተና በኅብረቱ መካከል ባለ ጉዳይ ነው። ንግግሩ የት እንደደረሰ ለሕዝብ ንገሩ። ዋጋውን የሚከፍለው ሕዝቡ ነውና የማወቅ መብት አለው።

ጓደኛዬ ከፋሲካ በኋላ እንደገና ልታመለክት ወስናለች። የዓመት ፈቃዷን ከአሁኑ አስመዝግባለች። እኔም 29 ዩሮ ከፍዬ ለአራተኛ ጊዜ እፈርማለሁ። ስልኬ እንደ በፊቱ ማመልከቻው ላይ ይኖራል። የሌሊት ተረኛ ብሆንም አነሳለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

በፍራንክፈርትና በአካባቢዋ በሚኖሩ እንግዳ ጋባዥ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ስም፣
የደብዳቤው ጸሐፊ፣ የሆስፒታል ነርስ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር
ለጀርመን ፌዴራል የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር